በአንድ ክፍል ልዩ ልዩ ሕፃናት፤ የነገው መምህር ከሥልጠናው ምን ይዞ ይውጣ?

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው በስተ ግራው ባህር ዛፍ የለበሰውን የየካን ተራራ፣ ከእርሱም ጋር ወደ ምዕራብ ተያይዞ የሚሄደውን የእንጦጦን ሰንሰለት ያያል። በዚሁ አካባቢ ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ለአገሪቱ መምህራንን ሲያፈራ የኖረው የኮተቤ ተቋም ይገኛል። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1959 ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ1969 ወደ ኮተቤ የተዛወረ ሲሆን፣ ስሙ በየዘመኑ ተለዋውጧል፤ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ፣ ኋላም ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ነበር፤ አሁን ደግሞ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የተቋሙን ታሪክ መተረክ አይደለም። ከእርሱና እርሱን ከመሰሉ ኮሌጆች የሚወጣው ወጣት መምህር በመጀመሪያው የሥራ ቀን በሩን ከፍቶ ስለሚገባበት ክፍልና በዚያ ስለሚጠብቁት ሕፃናት ጥቂት ለመነጋገር ነው።

የክፍሉ መልክ

በተራራው ግርጌ ካሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በአንደኛው አንድ የአንደኛ ክፍል እናስብ። በፊተኛው ዴስክ ላይ በመዋዕለ ሕፃናት ሦስት ዓመት የቆየች፣ የአማርኛውንም የእንግሊዝኛውንም ፊደል አጣርታ የምታውቅ ሕፃን ተቀምጣለች። ከጎኗ ያለው ልጅ እናቱ ሌሊት ተነሥታ ወደ እንጦጦ የምትወጣ፣ ከሠላሳ ኪሎ የማያንስ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርድ ነበረች፤ ታናናሾቹን አብልቶ፣ በሩን ዘግቶ የሚመጣው እርሱ ነው። ከእነርሱ ኋላ ያለው ብላቴና ከሽመና ቤት የመጣ ነው፤ በቤቱ ጋሞኛ ይነገራል፣ ማታ ማታም ድውር ያዞራል። ሌላይቱ ልጅ በሱሉልታ በኩል ካለው ገጠር ዘመድ ዘንድ ልትኖር የመጣች ናት፤ በኦሮምኛ ሁለት ዓመት ተምራለች፣ በቁቤ ማንበብም ትችላለች፤ እዚህ ግን ፊደል አታውቅምና «ያልተማረች» ተብላ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ተቀምጣለች። በመጨረሻው ረድፍ ደግሞ ሰሌዳው የማይታየው ልጅ አለ፤ እንደማይታየው ግን ራሱም አያውቅም፣ ምክንያቱም ዓለም ለሁሉም ሰው እንደዚሁ የደበዘዘች ይመስለዋል።

እንዲህ ያለው ክፍል ልዩ አጋጣሚ አይደለም፤ የተለመደው ክፍል ይህ ነው። ስለዚህ «ልዩ ልዩ ሕፃናት» ስንል ስለ ጥቂቶች የምንናገር የሚመስለን ካለ ይታረም። በኮሌጅ ትምህርት ውስጥ «መደበኛው ተማሪ» እየተባለ የሚጠራውን ልጅ ይህ ጸሐፊ በብዙ ዓመታት ሥራው አልተገናኘውም።

አንድ ስሕተት

ቀጥሎ የምናገረው የራሴን ስሕተት ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ የማስተማር ልምምድ የሚያደርጉ ዕጩ መምህራንን እየዞርኩ እገመግም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ተራራው ጠጋ ብሎ በተሠራ አንድ ትምህርት ቤት ተገኝቼ፣ አንዲት ዕጩ መምህርት «ተ»ን እና «ጠ»ን ለይታ ስታስተምር ከኋላ ተቀምጬ ተከታተልኩ። ተማሪዎቹ ከስድሳ ይበልጣሉ። ጽሕፈቷ የሚያምር፣ ድምፅዋ የጠራ፣ የትምህርት ዕቅዷም የተሟላ ነበር። ከሁሉም በላይ ክፍሉ ጸጥ ያለ ነበር። በግምገማ ቅጹም ላይ «ክፍልን መቆጣጠር» በሚለው አንጻር ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠኋት።

በእረፍት ሰዓት በደጁ ላይ ቆመን ስንነጋገር፣ የትምህርት ቤቱ የጽዳት ሠራተኛ የሆኑ እናት ከክፍሉ የቀረችውን አንዲት ሕፃን ከኋላዋ በስሟ ጠሯት። አልዞረችም። ሁለተኛም ጠሯት፤ አልዞረችም። ቀርበው ትከሻዋን ሲነኳት ግን ፈገግ ብላ ተነሣች። እኔም «ምነው፣ ኩርፊያ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ኧረ የለም ጋሼ፤ እሷ እኮ አትሰማም። ጆሮዋ ይመግላል» አሉኝ፤ ይህንንም ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር አድርገው ነበር የተናገሩት።

የክፍሉ ቋሚ መምህር፣ ዕጩዋ መምህርትና እኔ፣ ሦስታችንም በትምህርት ሙያ የሠለጠንን ነን። ሕፃኗ ከመስከረም እስከ የካቲት በዚያ ክፍል ተቀምጣለች። በክፍሉ መዝገብ ላይ ከስሟ ፊት ለፊት የተጻፈው «ሰነፍ፣ ዝምተኛ» የሚል ነበር። የወደድኩት ጸጥታ ከፊሉ የእርስዋ አለመስማት ነበር ማለት ነው።

ዕጩዋ መምህርት በዚያው ሳምንት እናቲቱን አስጠራቻቸው። ከተራራው ሲወርዱ ሸክማቸውን ከበሩ ላይ አስደግፈው ገቡ። «ቤት ውስጥ ትሰማኛለች እኮ እህቴ» አሉ፤ «ጮክ ብዬ ስጠራት ትመጣለች። ዝናብ ሲመጣ ነው ጆሮዋ የሚብሰው።» ሕፃኗ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰደች፣ መግሉም በመድኃኒት ደረቀ፤ ከዚያ በኋላ በደኅናው ጆሮዋ ወደ መምህሩ እንድትዞር ተደርጋ በፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች። ዓመቱ ግን አምልጧት ነበርና አንደኛ ክፍልን ደገመች፤ በሁለተኛው ዓመት አነበበች።

የተቆጣጣሪነት ሥራዬን በሁለት የምከፍለው በዚህ ቀን ነው።

በፊደላችን ላይ የሚታይ ምሳሌ

አንባቢ «ታዲያ መምህሩ ሐኪም ሊሆን ነውን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አይደለም። ነገር ግን የሚያስተምረውን ነገር በሚገባ ያወቀ መምህር፣ ትምህርቱ በየትኛው ልጅ ላይ በየት በኩል እንደሚከብድ አስቀድሞ ሊያውቅ ይችላል።

«ተ»ን እና «ጠ»ን እንውሰድ። ጆሮው በደከመ ልጅ ዘንድ እነዚህ ሁለት ድምፆች አንድ ናቸው፤ «ከ»ና «ቀ»፣ «ቸ»ና «ጨ»ም እንደዚሁ። «የአፌን እንቅስቃሴ ተመልከት» ብንለውም ብዙ አይረዳውም፤ «ተ»፣ «ደ» እና «ጠ» በከንፈር ላይ አንድ ዓይነት መልክ አላቸውና። «መ»ና «በ»ም እንደዚሁ ናቸው። እንግዲህ ልጁ በአጻጻፍ ፈተና ላይ «ጠረጴዛ» የሚለውን «ተረጴዛ» ብሎ ቢጽፍ ስንፍና አይደለም፤ የሰማውን በታማኝነት መጻፉ ነው። ስሕተቱ መረጃ ነው፤ መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞ ካለፈው ግን መረጃው ይጠፋል።

ቤቱ ሌላ ቋንቋ የሚነገርበት ልጅ ደግሞ የሚደናቀፈው በሌላ ቦታ ነው። በኦሮምኛ ነባር ቃላት ውስጥ «ዘ» የሚለው ድምፅ የለም፤ ስለዚህ ከሱሉልታ የመጣችው ልጅ ሆሄውን ከመለየቷ በፊት ድምፁን መለየት አለባት። ከዚህ የሚከብደው ግን የማጥበቅና የማላላት ጉዳይ ነው። የአማርኛ ጽሕፈት ጥብቀትን አያመለክትም። «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ «ተናገረ» ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነበብ ደግሞ «ይገኛል» ማለት ነው። «ገና» ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፣ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አለመድረሱን ይናገራል። በአማርኛ አፉን የፈታ ሕፃን ከዓረፍተ ነገሩ ስሜት ተነሥቶ ሳያስብ ያስተካክለዋል፤ ቋንቋውን በስድስተኛ ወሩ ላይ ያለ ልጅ ግን ምን ተደግፎ ያስተካክል? እንዲህ ያለችው ልጅ ቃል በቃል እየጠራች ስታነብ «ማንበብ ችላለች» ብለን እናልፋለን፤ ያነበበችውን ግን አልተረዳችም። ዕጩው መምህር ይህን ካወቀ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል፤ «ያነበብሽውን በራስሽ አፍ ንገሪኝ» ቢላት፣ ካቃታትም በኦሮምኛ እንድትነግረው ወይም የክፍል ጓደኛዋ እንድታስተረጉምላት ቢፈቅድ፣ ዕውቀቷ የት እንደ ደረሰ ያያል።

መስማት ለተሳናቸውም ቢሆን ፊደላችን በር አልዘጋም። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል እያንዳንዱ ቤት የራሱ የእጅ ቅርጽ ሲኖረው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ድምፆች በእጁ እንቅስቃሴ ይለያሉ፤ የፊደላችንን ጠባይ ጠብቆ የተሠራ ነው። ሁሉም መምህር ይህን ወይም ብሬይልን አጥርቶ ይወቅ ማለት የማይቻለውን መጠየቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንና የሚያውቀው ባለሙያ በየትኛው የድጋፍ መስጫ ማዕከል እንደሚገኝ ሳያውቅ ግን ከኮሌጅ ሊመረቅ አይገባውም።

ከየኔታ ደጅ

ልዩ ልዩ ልጆችን በአንድ ቦታ ማስተማር ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት የሚመስለው ሰው አለ። የቀድሞውን የቄስ ትምህርት ቤት ያየ ግን እንዲህ አይልም። በየኔታ ደጅ አንዱ ሕፃን ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው አቡጊዳ ላይ ነው፣ ሦስተኛው መልእክተ ዮሐንስን ያነባል፣ ትልቁ ዳዊት ይደግማል። ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ሲሆኑ እያንዳንዱ ግን በራሱ እርምጃ ይሄዳል። የቀደመው የኋለኛውን ያስቆጥራል። ዓይነ ስውር የሆነውም በቃል ተምሮ ለታላቅ ሊቅነት የሚበቃበት መንገድ ነበረው።

አቡጊዳን በተለይ ልብ እንበል። ሕፃኑ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በተርታ ሲወርድ ፊደሉን ለይቶ ይሁን ዜማውን ሸምድዶ አይታወቅም። ስለዚህ አባቶች «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ብለው ተርታውን አፋለሱት። ቦታውን አይቶ ሲያነብ የነበረው ልጅ እዚህ ላይ ይገለጣል። ይህ እንግዲህ ሕፃኑ በእውነት ምን እንደሚያውቅ ለመመርመር የተሠራ ዘዴ ነው። ዛሬ በብዙ ክፍሎች ስድሳ ሕፃናት በአንድ ድምፅ «ሀ ሁ»ን ሲያዜሙ የምንሰማ መምህራን ይህን ረስተናል። በእርግጥ አለንጋውንም አብረን መርሳታችን መልካም ነው፤ ያንን መመለስ የሚመኝ አይኑር።

በክርስትናው ዓለም ካሉት የመምህራን አሠልጣኞችም ሁለቱን ላንሣ። በፈረንሳይ የሪምስ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1651 የተወለደው ቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ዴ ላ ሳል የድሆች ልጆች ንባብን በላቲን ሳይሆን በሚናገሩት በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ አደረገ፤ ለመምህራንም ማሠልጠኛ ቤት አቋቋመ። ለትምህርት ቤቶቹ ባወጣው ሥርዓት መሠረት መምህሩ በዓመቱ መጨረሻ ስለ እያንዳንዱ ልጅ ጠባይ በመዝገብ ይጽፋል፤ ቀጣዩ መምህር ልጁን ሳያውቀው እንዳይቀበለው ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰይመውታል። ሁለተኛዋ ኢጣሊያዊቷ ሐኪም ማርያ ሞንቴሶሪ ናት። «አእምሯቸው ደካማ ነው» ተብለው የተተዉ ልጆችን አስተምራ ከሌሎች ጋር ፈተና እንዲያልፉ ባደረገች ጊዜ፣ ሁሉ ሲያደንቃት እርስዋ ግን ጤናሞቹ ልጆች በምን ምክንያት ከእነዚህ ጋር እኩል ሆነው እንደ ቀሩ መጠየቅ ጀመረች። ከዚያም እ.ኤ.አ. በጥር 1907 በሮም በሳን ሎሬንሶ የድሆች ሰፈር የሕፃናትን ቤት ከፈተች። በእርስዋ ሥልጠና ዕጩ መምህርት በቅድሚያ የምትማረው ዝም ብሎ ልጅን መመልከት ነበር።

የሕጉ ቃልና የሥልጠናው ጊዜ

በሕግ በኩል ብዙ የጎደለን አይመስለኝም። በሚያዝያ 1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ የአካል ጉዳት ያለባቸውም ሆኑ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸው እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ አስታውቆ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1994፣ በስፔን በሳላማንካ የተሰበሰቡ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች መደበኛው ትምህርት ቤት አካል ጉዳተኛውን፣ የጎዳናውን፣ ሠራተኛውንና የሌላ ቋንቋ ተናጋሪውን ልጅ ሁሉ እንዲቀበል ተስማሙ። በአገራችንም የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልት በ1998 ዓ.ም. ወጣ፣ በ2004 ዓ.ም. በአዲስ ተተካ፤ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም እ.ኤ.አ. በ2010 ጸደቀ።

ጉዳዩ ያለው በሥልጠናው ጊዜ አደላደል ላይ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የመምህራን ትምህርት ለውጥ ዕጩዎች በትምህርት ቤት የሚያሳልፉትን ጊዜ ማብዛቱ መልካም ነበር። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ዕጩው ወደ ክፍል የሚገባው ለማስተማር ነው፤ ጠመኔ እንደ ያዘ ዐይኑ በዕቅዱና በሰሌዳው ላይ ይተከላል፤ ገምጋሚ ከኋላው ተቀምጧልና ይፈራል። የፈራ ሰው ደግሞ ሌላውን ማየት አይችልም። የልዩ ፍላጎት ትምህርት መግቢያም በአዳራሽ ውስጥ እንደ ሌሎቹ ኮርሶች ይሰጣል፤ ዕጩው የአካል ጉዳትን ዓይነቶች ቆጥሮ ፈተናውን ያልፋል፣ ጆሮው የሚመግል ሕፃን ግን ከፊቱ ተቀምጦ አያውቀውም። እኔ ራሴ ይህን ኮርስ ያስተማርኩ ሰው ነኝና ለማንም የምጥለው ወቀሳ አይደለም።

በእኔ ግምት ዕጩው በመጀመሪያው ዓመት፣ ምንም እንዲያስተምር ሳይጠየቅ፣ በሳምንት አንድ ቀን በአንድ ክፍል ጥግ ሊቀመጥ ይገባል። ደብተር ይያዝ፤ በየሳምንቱ አምስት ሕፃናትን ብቻ ይመልከት። ስድሳ ልጆች ያሉበት ክፍል በአንድ መንፈቅ ዓመት ይዳረሳል። በደብተሩ የሚጽፈው ያየውን እንጂ የፈረደውን አይሁን፤ «ሰነፍ ነው» አይጻፍ፣ «ጥያቄ ሲጠየቅ መጀመሪያ የጎረቤቱን ደብተር አየ፤ ሰሌዳውን ሲያይ ዐይኑን ጨፈን ያደርጋል» ይጻፍ። ከጀርባ ሆኖ በዝቅተኛ ድምፅ መጥራት ጆሮን ለመጠርጠር ይበቃል። ባለ ሦስት ጣት መሰሉን የላቲን ፊደል በወረቀት ላይ በየአቅጣጫው አዙሮ ስሎ፣ ስድስት ሜትር ርቆ ልጁ አቅጣጫውን በእጁ እንዲያመለክት ማድረግ ዐይንን ለመጠርጠር ይበቃል። መጠርጠር የመምህሩ፣ መመርመር የሐኪሙ ድርሻ ነው።

ከዚህም ጋር ዕጩው ቢያንስ አንድ ጊዜ ሕፃኑ የሚመጣበትን መንገድ በእግሩ ይውጣ። ከተራራው ግርጌ ያለውን ዳገት በሐምሌ ጭቃ የወጣ ሰው የዘገየን ልጅ በር ላይ አያስቆመውም። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የአካባቢው ኑሮ ብዙ ተለውጧል፤ በከተማይቱ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባም ባዶ ሆዱን የሚቀመጠውን ልጅ ቁጥር ቀንሷል። ነገር ግን ቁርስ የበላ ልጅ ጥሩ መማሩ ከመምህሩ ዘዴ የመጣ የሚመስለው ዕጩ፣ በረኀብ ያንቀላፋውንም እንደ ሰነፍ መቁጠሩ አይቀርም።

የግምገማ ቅጹ

በመጨረሻም ወደዚያ የግምገማ ቅጽ ልመለስ። ድምፅ፣ የሰሌዳ አጠቃቀም፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የትምህርት መርጃ፣ ክፍልን መቆጣጠር፤ እነዚህ ሁሉ ነጥብ ነበራቸው። አንድም መስመር ስለ አንድ ልጅ አይጠይቅም ነበር። ከዚያ ዓመት በኋላ፣ ከሕጋዊው ቅጽ ውጭ፣ ለእያንዳንዱ ዕጩ ከትምህርቱ በኋላ አንድ ጥያቄ በቃል አቀርብ ጀመር፦ «በዛሬው ክፍል ከነበሩት ልጆች የሦስቱን ስም ንገረኝ፤ እያንዳንዳቸው ዛሬ ምን እንዳገኙ፣ ምን እንዳልገባቸውም ንገረኝ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቅሁት ወጣት ጎበዝ አስተማሪ ነበር። ብዙ አሰበ፤ የአንዲት ልጅ ስም ጠቀሰ፣ እርስዋም ሁልጊዜ እጇን የምታወጣዋ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። «ጋሼ፣ ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ ያሉትን አላየኋቸውም» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ስመለስ በዕቅዱ ደብተር ጀርባ የሰባት ልጆች ስም ጽፎ ጠበቀኝ፤ ከአንደኛው ስም ትይዩ «ግራ እጁ ነው፤ ዴስኩ ላይ ከጓደኛው ክርን ጋር ይጋጫል፣ ጽሕፈቱ የተበላሸው ለዚህ ነው፤ ዛሬ ወደ ዳር አዛውሬዋለሁ» የሚል ነበረበት።